ተመልሶ ያልተሞከረ ቅጂ

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበር ሰርቨር ተቃጥሎ፣ የአባላቱን መዝገብ ከመጠባበቂያ ቅጂ እንድመልስ ተጠርቼ ነበር። ቅጂው አልጠፋም፤ በየሌሊቱ በሰዓቱ ተወስዶ፣ ቀኑ ተጽፎበት፣ በአንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ በሰልፍ ተደርድሯል። አዲስ ማሽን ላይ ማይኤስኪውኤል የተባለውን የዳታቤዝ ፕሮግራም ጭኜ የመጨረሻውን ሌሊት ፋይል አስገባሁ፤ አርባ ደቂቃ ያህል ሠርቶ አንድም ስሕተት ሳያሳይ ጨረሰ። የአባላቱ ቁጥር ልክ ነው፤ የቁጠባው ድምርም ከታተመው ሪፖርት በሳንቲም አልተለያየም። የሒሳብ ሠራተኛዋ «እስቲ አንድ አባል ይክፈቱልኝ» ሲሉኝ የመጀመሪያውን ከፈትሁ። ስም በሚለው ቦታ የነበረው «??? ????» ነው። ቀጣዩም፣ ከእሱ የሚቀጥለውም እንዲሁ፤ ሦስት ፊደል ያለው ስም ሦስት የጥያቄ ምልክት፣ አራት ፊደል ያለው አራት የጥያቄ ምልክት ሆኗል።

ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልፈጀብኝም። ዳታቤዙ ራሱ ስሞቹን የግዕዝንም ፊደል በሚያውቀው የዩቲኤፍ-8 የፊደል ሥርዓት በትክክል ይዟቸው ነበር፤ ቅጂውን በየሌሊቱ የሚያወጣው ትእዛዝ ግን ድሮ ሲጻፍ የፊደል ሥርዓቱ «ላቲን-1» ተብሎ ተሞልቶበታል። ላቲን-1 የምዕራብ አውሮፓን ፊደላት ብቻ የሚያውቅ የቆየ ሥርዓት ሲሆን፣ ማይኤስኪውኤል በእሱ ጽሑፍ እንዲያወጣ ሲታዘዝና የግዕዝ ፊደል ሲያጋጥመው ሥራውን አያቆምም፤ በፊደሉ ምትክ የጥያቄ ምልክት አስቀምጦ ያልፋል። ጉዳቱ የደረሰው እኔ ስመልሰው ሳይሆን ቅጂው ሲወጣ ስለነበረ፣ በዲስኩ ላይ የተደረደሩት ቅጂዎች ሁሉ፣ የትናንቱም የአምናውም፣ አንድ ዓይነት ነበሩ። ምልክቱ እንኳ በዓይን የሚታይ ነበር፤ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ሲይዝ የጥያቄ ምልክት 1 ባይት ብቻ ስለሚይዝ፣ ፋይሉ ከሚገባው በላይ አንሶ ነበር። መጠኑን ከዳታቤዙ መጠን ጋር አስተያይቶ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም። ስሞቹ የተመለሱት አባላቱ ሲመዘገቡ ከሞሏቸው የወረቀት ፎርሞች ነው፤ ፎርሞቹ ባይኖሩ ኖሮ ማኅበሩ የስንት ብር ባለዕዳ እንደሆነ እያወቀ የማን ባለዕዳ እንደሆነ አያውቅም ነበር።

ይህን ያስቀደምሁት ስለ ዳታቤዝ ባክአፕ ሲወራ ንግግሩ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ማስቀመጥ ስለሆነ ነው፤ በስንት ሰዓት ይወሰድ፣ የት ይቀመጥ፣ ስንት ጊጋባይት ይይዛል። በችግር ቀን የሚፈለገው ግን የተቀመጠ ፋይል ሳይሆን የሚሠራ ዳታቤዝ ነው። ስለዚህ በእኔ አመለካከት አንድ ቅጂ «አለ» ሊባል የሚችለው በሌላ ማሽን ላይ ተመልሶ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከፍቶ ካየው በኋላ ብቻ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ይህን ፈተና ማለፍ የሚችል ቅጂ እንዴት እንደሚሠራና ብዙው ቅጂ ፈተናውን ለምን እንደሚወድቅ ነው።

ከመነሻው ብንጀምር፣ ዳታቤዝ እንደ ማንኛውም ፋይል ኮፒ ተደርጎ ለምን እንደማይቀመጥ መረዳት ያስፈልጋል። የዎርድ ሰነድ ከተዘጋ በኋላ ባለበት ይቀመጣል፤ ዳታቤዝ ግን ቢሮው ክፍት እስከሆነ ድረስ ሲጻፍበት ይውላል። ከአንድ ደንበኛ ሒሳብ 5,000 ብር ወጥቶ ወደ ሌላው ሲገባ ሁለቱ ለውጦች በዲስኩ ላይ የሚያርፉት በተለያየ ቦታና ምናልባትም በተለያየ ቅጽበት ነው። ዳታቤዙ ይህን የሚቆጣጠረው እያንዳንዱን ለውጥ በዋናው ፋይል ላይ ከማሳረፉ በፊት «ሎግ» በሚባል ተከታታይ መዝገብ ላይ በመጻፍ ነው፤ መብራት በመካከል ቢጠፋ፣ እንደገና ሲነሣ ሎጉን አንብቦ ያለቀውን ይፈጽማል፣ ያላለቀውን ይሰርዛል። አሁን አንድ ሰው ሥራ ላይ ያለውን የዳታ ፎልደር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ኮፒ ማድረግ ጀመረና 20 ደቂቃ ፈጀበት እንበል። መጀመሪያ የተገለበጠው ፋይል የ4 ሰዓትን ሁኔታ፣ በመጨረሻ የተገለበጠው ደግሞ የ4 ከ20ን ሁኔታ ይዞ ይመጣል፤ በዚህ መካከል የተላለፈው ገንዘብ በቅጂው ውስጥ ከላኪው ሳይወጣ ለተቀባዩ የገባ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፣ ወይም ዳታቤዙ ጭራሹን አልነሣም ሊል ይችላል። ኮፒው ሲደረግ ምንም የስሕተት መልእክት ስለማይመጣ ሰውየው ሥራውን በትክክል የፈጸመ ይመስለዋል።

ስለዚህ ዳታቤዙ ራሱ የሚተባበርበት ቅጂ ያስፈልጋል፤ እሱም በሁለት መንገድ ይወሰዳል። አንደኛው ባለሙያዎች «ደምፕ» የሚሉት ሲሆን፣ ዳታቤዙ በውስጡ ያለውን ሠንጠረዥና መረጃ ሁሉ እንደገና ሊገነባ በሚችል መልክ ጽፎ እንዲያወጣ ይደረጋል። ፖስትግሬስ የተባለው ሌላው የዳታቤዝ ፕሮግራም በዚህ ጊዜ የአንድን ቅጽበት ሁኔታ አስይዞ ስለሚያወጣ ቅጂው እርስ በርሱ አይጋጭም፤ ማይኤስኪውኤል ግን ይህን እንዲያደርግ «ሲንግል ትራንዛክሽን» የሚባለው ምርጫ ሊጨመርለት ይገባል፤ ምርጫውም የሚሠራው ኢኖዲቢ በሚባለው የአቀማመጥ ዓይነት ለተያዙ ሠንጠረዦች እንጂ ለቆዩት ማይአይሳም ሠንጠረዦች አይደለም። ደምፕ ወደ ሌላ ዕትምና ወደ ሌላ ማሽን ለመውሰድ የተመቸ ነው፤ ዳታቤዙ ትልቅ ሲሆን ግን መመለሱ እጅግ ይጓተታል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ መረጃ እንደገና ገብቶ፣ መረጃ ቶሎ ለማግኘት የሚረዳው ኢንዴክስም ከሥር ተነሥቶ መሠራት አለበት። ሁለተኛው መንገድ የዳታ ፋይሎቹን እንዳሉ መገልበጥ ነው፤ ልዩነቱ ግልበጣው በዳታቤዙ መሣሪያ ስለሚካሄድ፣ ሲገለበጥ የተጻፈው ሎግ አብሮ ተይዞ በኋላ ፋይሎቹን ወደ አንድ ቅጽበት ያስተካክላቸዋል። ኤስኪውኤል ሰርቨርና ኦራክል የተባሉት የዳታቤዝ ፕሮግራሞች በብዛት የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው፤ ፖስትግሬስም መሣሪያው አለው።

ሁለተኛው መንገድ ደምፕ የማይሰጠውን ነገር ይሰጣል፤ ይኸውም ዳታቤዙን ወደ መረጥነው ደቂቃ መመለስ ነው። ሎጉ የለውጦች ሁሉ ተከታታይ መዝገብ ስለሆነ፣ አንድ ሙሉ ቅጂና ከእሱ ወዲህ የተጻፈው ሎግ ሳይቋረጥ እጃችን ላይ ካለ፣ ቅጂውን አስቀምጠን ሎጉን በላዩ እያስኬድን በፈለግነው ቅጽበት ማቆም እንችላለን። እሑድ ሌሊት ሙሉ ቅጂ ተወስዷል፤ ረቡዕ ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ12 ላይ አንድ ሠራተኛ የአንድ ቅርንጫፍን ደንበኞች ብቻ ሊያስተካክል አስቦ፣ የትኛው ቅርንጫፍ እንደሆነ የሚገድበውን መስመር ረስቶ የሁሉንም ደንበኞች ወለድ ዜሮ አደረገው እንበል። ደምፕ ብቻ ያለው ቢሮ ወደ ትናንት ሌሊት ይመለሳል፣ የጠዋቱንም ሥራ እንደገና ይሠራል፤ ሎጉን ያስቀመጠው ቢሮ ግን ወደ 5 ከ11 ይመለሳል። አደጋ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው እሳትና የዲስክ ብልሽት ነው፤ እኔ በሥራ ዘመኔ ካየሁት ግን ከእሳትም ከዲስክም ይልቅ የሰው እጅ ያመጣው ይበልጣል።

እዚህ ላይ በኤስኪውኤል ሰርቨር የሚሠሩ ቢሮዎች ደጋግመው የሚገቡበትን አንድ ጉድጓድ ሳልጠቅስ ባልፍ ደግ አይደለም። ዳታቤዙ «ፉል» በሚባለው አያያዝ ላይ ተደርጎ የሎግ ባክአፕ ካልተወሰደ፣ ሎጉ ማንም ስላልወሰደው አይቀነስም፤ አድጎ አድጎ ዲስኩን ይሞላና አንድ ቀን ጠዋት ሥራ ይቆማል። የተጠራው ባለሙያ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ አያያዙን ሎጉን ለባክአፕ ወደማያቆየው «ሲምፕል» ይለውጠዋል፤ ሎጉ ይጠብባል፣ ሥራው ይቀጥላል፣ ሁሉም ያመሰግነዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ወደ አንድ ደቂቃ መመለስ የሚባለው ነገር የለም፤ ይህንንም አለቃው የሚሰማው ለመመለስ በሚፈልግበት ዕለት ነው። ትክክለኛው መልስ የሎግ ባክአፕ በየ15 ደቂቃው ወይም በየሰዓቱ እንዲወሰድ ማዘዝ ነበር።

ሌላው የተለመደ ስሕተት ተከታይ ሰርቨርን እንደ ባክአፕ መቁጠር ነው። ዋናው ሰርቨር የሚጽፈውን ሁሉ ወዲያው እየተቀበለ የሚገለብጥ ሁለተኛ ሰርቨር ማቆም መልካም ነው፤ ዋናው ቢበላሽ ሥራው በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ሁለተኛው ይዛወራል። ነገር ግን ያ ሁለተኛ ሰርቨር ስሕተቱንም በታማኝነት ይገለብጣል፤ ከላይ ያነሣነው የወለድ ስሕተት በሰከንድ ውስጥ እሱም ላይ ይደርሳል። የዴንማርኩ የመርከብ ኩባንያ ሜርስክ ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም. ኖትፔትያ በተባለው የኮምፒውተር ቫይረስ ጥቃት ሲመታ፣ የሠራተኞቹን መለያና ፈቃድ የሚይዘው ማውጫ በዓለም ዙሪያ በተበተኑ 150 ያህል ሰርቨሮች ላይ ነበረ፤ እርስ በርስ ስለሚገለባበጡ አንዱ ለሌላው መጠባበቂያ ይሆናል ተብሎ ታስቦ ነበር። ጥቃቱ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ጠራርጎ ወሰዳቸው። የተረፈው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በጋና ቢሮ የነበረው፣ ጥቃቱ ከመድረሱ በፊት መብራት ጠፍቶበት ከኔትወርክ የወጣው ሰርቨር ነው። መብራት መጥፋቱ ለአንድ ጊዜ እንኳ የጠቀመበት ታሪክ ስለሆነ እኛ አገር ላለ ባለሙያ ሳይነገር መቅረት የለበትም። ከዚያ ሰርቨር የተገኘው መረጃ በሰው እጅ በናይጄሪያ በኩል ወደ ለንደን ተወስዶ ነው ማውጫው የተመለሰው።

ስለ ዳታቤዝ ቅጂ ግን ከሁሉ አብልጦ የሚያስተምረው፣ የሶፍትዌር ገንቢዎች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ጊትላብ ጥር 23 ቀን 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017) የደረሰበት ነው፤ ድርጅቱ የሆነውን ሁሉ ሳይሸፋፍን ስላሳተመ ዝርዝሩ ይታወቃል። ሁለት የፖስትግሬስ ሰርቨሮች ነበሩት፤ አንዱ ዋና፣ ሌላው ተከታይ። በዚያ ምሽት ጫና በዝቶ ተከታዩ ከዋናው ወደ ኋላ ቀረ፤ ገና ያልደረሰበት ሎግ ከዋናው ላይ ተሰርዞ ስለነበረና ሎጉን ሌላ ቦታ የማስቀመጥ ሥራ ስላልተዘረጋ፣ ተከታዩን ከባዶ መገንባት ግድ ሆነ። ይህን የሚሠራው ትእዛዝ አንድም ቃል ሳይናገር ተገትሮ ሲቀር፣ ኢንጂነሩ በተከታዩ ላይ የቀሩ ፋይሎች ያስቸገሩት መስሎት የዳታ ፎልደሩን አጥፍቶ እንደገና ሊጀምር ወሰነ። በዓለም አቀፉ ሰዓት 23:00 ገደማ ነው፤ በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት መሆኑ ነው። ትእዛዙን የሰጠው ግን በዋናው ሰርቨር ላይ ሆኖ ነበር። አንድ ሁለት ሰከንድ ቆይቶ ነቃና አቆመው፤ ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ጊጋባይት ነበር።

እስከዚህ ድረስ ያለው የሚያሳዝን ግን ተራ ነገር ነው፤ የደከመው ሰው በተሳሳተ መስኮት ላይ ትእዛዝ ጻፈ። ትልቁ ነገር የታየው ባክአፑ ሲፈለግ ነው። በየ24 ሰዓቱ ደምፕ እየተወሰደ ወደ አማዞን ማከማቻ ይላካል ተብሎ ይታመን ነበር፤ ማከማቻው ሲከፈት ባዶ ሆኖ ተገኘ። ደምፑን የሚወስደው መሣሪያ የፖስትግሬስ 9.2 ሲሆን ዳታቤዙ ግን 9.6 ስለነበረ፣ መሣሪያው በየቀኑ ዕትሙ አይገጥምም ብሎ ይቆም ነበር። መቆሙን የሚናገር ኢሜይልም ይላክ ነበር፤ ኢሜይሎቹ ግን የላኪውን ትክክለኛነት የሚያረጋግጥ ፊርማ ስላልነበራቸው ተቀባዩ ሰርቨር እየመለሳቸው ማንም አላያቸውም። የዲስክ ቅጽበታዊ ቅጂም ነበር፤ ለፋይል ሰርቨሮቹ እንጂ ለዳታቤዝ ሰርቨሮቹ አልተከፈተም። ያዳናቸው አጋጣሚ ነው፤ ኢንጂነሩ ራሱ ስድስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ለሌላ ሙከራ ብሎ ዳታቤዙን ወደ መሞከሪያ ሰርቨር በእጁ ገልብጦት ነበር። ያም ቢሆን የመሞከሪያው ሰርቨር ዲስክ ቀርፋፋ ስለነበረ መልሶ መገልበጡ 18 ሰዓት ገደማ ፈጀ፤ ድርጅቱም ሥራውን በዩቲዩብ በቀጥታ ያስተላልፍ ነበር። በእነዚያ ስድስት ሰዓታት ውስጥ የተፈጠሩ 5,000 ገደማ ፕሮጀክቶች፣ ያንኑ ያህል አስተያየቶችና 700 ያህል አዳዲስ ተጠቃሚዎች ሳይመለሱ ቀሩ። ድርጅቱ ምርመራውን ሲጨርስ፣ ቅጂዎቹ መመለሳቸውን የመሞከር ኃላፊነት ለማንም ተለይቶ አልተሰጠም ነበር ሲል ጽፏል። እኔ ከመላው ታሪክ የምይዘው ይህንን መስመር ነው፤ የሁሉም ሥራ የነበረው የማንም ሥራ አልነበረም።

የኢሜይሉ ነገር ጥቂት ሊቆዩበት የሚገባ ነው። ብዙ ቢሮዎች የሚያዝዙት «ሥራው ከከሸፈ አሳውቀኝ» ብለው ነው። ሰርቨሩ ጠፍቶ ከሆነ፣ ኢንተርኔቱ ተቋርጦ ከሆነ፣ ወይም የሰዓት መርሐ ግብሩ ራሱ ተሰርዞ ከሆነ ግን የሚያሳውቅ የለም፤ ዝምታው ደግሞ ከጤንነት ጋር አንድ ይመስላል። የተሻለው ተቃራኒው ነው፤ ባክአፑ ሲሳካ «የትናንት ሌሊት ቅጂ ወጥቷል፣ መጠኑ ይህን ያህል ነው» የሚል መልእክት በየጠዋቱ ለክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ይላክ፤ መልእክቱ እስከ 3 ሰዓት ካልመጣ አንድ ሰው ተነሥቶ ይመልከት። መጠኑ መጻፉም ዋጋ አለው፤ ትናንት 14 ጊጋባይት የነበረ ፋይል ዛሬ 2 ከሆነ ጠያቂ ያገኛል። ሰዓት ስናዝም ልብ ማለት ያለብን ነገር አለ። ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት ከተሞላ 02:00 ብለን ያዘዝነው ባክአፕ በእኛ ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው የሚነሣው፤ ቢሮው ሳይከፈት ማለቁን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። «ሁለት ሰዓት» የተባለውን ሰምቶ 02:00 የሚጽፍ ጀማሪም ያጋጥማል፤ አለቃው ማለት የፈለጉት ከምሽቱ 2፣ ማለትም 20:00 ነበር።

ባክአፕ በምን ያህል ጊዜ ይወሰድ የሚለውን ጥያቄ ባለሙያው ብቻውን ሊመልሰው አይገባም፤ የሥራው ባለቤት ሁለት ነገር መወሰን አለበት። የመጀመሪያው ምን ያህል ሥራ ቢጠፋ እንደገና መሥራት ይቻላል የሚለው ነው። በቀን ሠላሳ ደረሰኝ የሚቆርጥ ሱቅ የአንድ ቀን ሥራ ቢጠፋበት ከደረሰኙ ቀሪ ላይ ማታውን ይሞላዋል፤ በስልክ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ተቋም ግን አምስት ደቂቃም አይችልም። ሁለተኛው ሥራው ለምን ያህል ጊዜ ቆሞ መጠበቅ ይችላል የሚለው ሲሆን፣ መልሱ የሚወሰነው በመመለሻው ፍጥነት ነው። እዚህ ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ማስላት ይገባል፤ 100 ጊጋባይት የሆነ ቅጂ ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚደረስበት የሌላ ድርጅት ማከማቻ፣ ቢቀመጥና መስመራችን በእርግጥ የሚሰጠን 10 ሜጋቢት በሰከንድ ቢሆን፣ ማውረዱ ብቻ 22 ሰዓት ያልፋል። ዳታቤዙ ውስጥ መግባቱ ገና ነው። ለዚህ ነው ክላውድ ላይ ያለ ቅጂ ቢኖርም በአካባቢው ሌላ ቅጂ የሚያስፈልገው።

የቦታውን ጉዳይ ባለሙያዎች በሦስት ቁጥር ያስታውሱታል፤ 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማከማቻ፣ 1 ከግቢው ውጭ። ማብራሪያ አይፈልግም፤ የሚፈልገው መፈጸም ነው። መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ሰርቨር የሚያከራየው የኦቪኤች ኩባንያ የዳታ ማዕከል ሲቃጠል፣ ቅጂያቸውንም እዚያው ያስቀመጡ ደንበኞች ሁለቱንም አጥተዋል። በእኛ ቢሮዎች የሚታየው መልኩ ደግሞ ዓመት ሙሉ ከሰርቨሩ ጋር እንደተሰካ የሚውል ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነው። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ሰርቨሩ ላይ ከደረሰ ያንን ዲስክ እንደ ማንኛውም ፎልደር ያየዋልና አብሮ ይቆልፈዋል። ስለዚህ ቢያንስ አንዱ ቅጂ ሰርቨሩ ራሱ ሊያጠፋው የማይችለው መሆን አለበት፤ ተነቅሎ በሌላ ሕንጻ ካዝና የሚቀመጥ ዲስክ ወይም ከተጻፈ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ መሰረዝ የማይፈቅድ የክላውድ ማከማቻ። ከግቢ የሚወጣ ቅጂ መመስጠር ይገባዋል፤ የምስጢሩ ቁልፍ ግን በዚያው ሰርቨር ላይ ብቻ ከተቀመጠ ሰርቨሩ ሲጠፋ ቅጂውም እንደጠፋ ይቆጠራል። ቁልፉን ታትሞ በፖስታ ታሽጎ ካዝና ውስጥ ያየሁበት ቢሮ አለ፤ የኋላ ቀርነት ቢመስልም እኔ ግን ወድጄዋለሁ።

አሁን ወደ ፈተናው እንመለስ። ኤስኪውኤል ሰርቨር የቅጂውን ፋይል የሚመረምር ትእዛዝ አለው፤ ፋይሉ የተሟላና የሚነበብ መሆኑን ይናገራል እንጂ ውስጡ ያለው መረጃ ደኅና ነው አይልም፤ የእኔ የጥያቄ ምልክት ፋይልም ፍጹም የሚነበብ ፋይል ነበር። ሌላ ማሽን ላይ ከመመለስ በቀር አቋራጭ የለም። ለዚህ አንድ ያረጀ ኮምፒውተር ይበቃል፤ በየሳምንቱ የመጨረሻውን ቅጂ በራሱ ወስዶ እንዲመልስና ጥቂት ጥያቄዎችን እንዲጠይቅ ማድረግ ይቻላል። የመጨረሻው ደረሰኝ ቀን ትናንት ነው ወይስ ካለፈው ወር? የሠንጠረዦቹ ብዛትና የሒሳቡ ድምር ከዋናው ጋር ይገጥማል? በስም ዝርዝሩ ውስጥ የጥያቄ ምልክት ያለበት ስም አለ? ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ አንድ መስመር ናት፤ ያ ማኅበር ብትኖረው ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት ይነቃ ነበር። በየሩብ ዓመቱ ደግሞ ሰው ይሞክረው፤ ባክአፑን የዘረጋው ባለሙያ ሳይሆን ሌላው፣ በወረቀት የተጻፈውን መመሪያ ብቻ ይዞ፣ ሰዓት እየተያዘበት። ወረቀቱ ላይ የጎደለው ሁሉ በዚያን ዕለት ይወጣል። ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው ተጠቃሚና የይለፍ ቃል ነው፤ በፖስትግሬስ የአንድ ዳታቤዝ ደምፕ የተጠቃሚዎቹን ዝርዝር አይዝም፤ በኤስኪውኤል ሰርቨርም የመግቢያ ስሞቹ የሚኖሩት «ማስተር» በሚባለው ሌላ ዳታቤዝ ውስጥ ነው። መረጃው ሙሉ በሙሉ ተመልሶ ፕሮግራሙ ግን አልገባም ሲል ሰዓታት የሚያልቁት በዚህ ነው።

የእውነተኛው አደጋ ዕለት ሲመጣ የመጀመሪያው ሥራ እጅን መሰብሰብ ነው። የተበላሸው ዳታቤዝ ምንም ያህል የማይረባ ቢመስል አስቀድሞ እንዳለ ይገልበጥ፤ ቅጂው ያልያዘው የመጨረሻው ሎግ እዚያ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። የተመለሰው ደግሞ በአሮጌው ላይ ሳይሆን በጎኑ፣ በሌላ ስም ይቀመጥ፤ ከታየና ከተመሰከረለት በኋላ ቦታው ይለወጣል። በጭንቀት ውስጥ ሆኖ የትናንቱን ቅጂ በተበላሸው ላይ ጭኖ፣ ኋላ ላይ የተበላሸው ጥቂት ሰንጠረዥ ብቻ እንደነበረና የቀረው የዛሬ ሥራ ደኅና እንደነበረ የተገነዘበ ሰው አውቃለሁ።

ዳታቤዙ ከተመለሰ በኋላ የሚቀረው ሥራ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው። ዳታቤዙ ወደ ትናንት ተመልሷል፤ ከቢሮው ውጭ ያለው ዓለም ግን አልተመለሰም። ዛሬ ጠዋት ቁጥር 48,211 የተጻፈበት ደረሰኝ ተቀብሎ የሄደ ደንበኛ አለ፤ ዳታቤዙ ግን 48,000 ላይ ስለሆነ ያንኑ ቁጥር ነገ ለሌላ ሰው ይሰጠዋል። ጊትላብ ይህን አስቀድሞ በማሰብ፣ ሥራውን ከመክፈቱ በፊት የመለያ ቁጥሮቹን ሁሉ በ100,000 አሳድጓቸዋል፤ በጠፉት ሰዓታት ውስጥ የተሰጠ ቁጥር ዳግመኛ ለሌላ እንዳይሰጥ። ለአንድ ቁጠባ ማኅበር 100,000 መዝለል አያስፈልገው ይሆናል፤ በቀን ከሚቆርጠው ደረሰኝ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ክፍተት ግን ይተው፤ ለምን እንደተዘለለም በደብዳቤ ተጽፎ ኦዲተሩ በሚያየው ፋይል ውስጥ ይቀመጥ። ከዚያ የደረሰኙ ቀሪ፣ የባንክ መግለጫውና የተላኩት አጭር የጽሑፍ መልእክቶች ተሰብስበው የጠፉት ሰዓታት ሥራ በእጅ ይሞላል፤ እያንዳንዱም ሲሞላ የገባበት እውነተኛ ሰዓትና ማን እንደሞላው አብሮ ይመዘገባል።